ጋሽ አትንኩና የማይሰማው ደወል

የምስራች! ተሰበረ!

ምስር ብላ በሉኝ እንጂ! ምን አፍ አፌን ታዩኛላችሁ? ተሰበረ ነው የምላችሁ። ከጠረጴዛ ተንከባሎ ሲሚንቶ ላይ ወደቀና እንክትክቱ ወጣ። የሰበረችው ልጅ ወላጅ አምጪ አልተባለችም፤ ዕቃውን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩት ሰውም ራሳቸውን ይዘው አልጮኹም። ሳቁ! የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። በዚያ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ደስ የሚል ስብራት ደርሶ አያውቅምና ወጉን ሳላጎድል ከሥሩ ላውራው።

የምስራቹ የጋሽ አትንኩ ነው።

ጋሽ አትንኩ የፊዚክስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ግን ተማሪ የሚያወጣው ስም ከእናት ስም ይበረታል። ከአፋቸው የሚወጣው ቃል ያ ብቻ ነበርና «አትንኩ» አሏቸው፣ በዚያው ጸና። ተማሪ በበሩ ካለፈ «አትንኩ!» ነው። መስኮቱን ተደግፎ ካወራም «አትንኩ!» ነው። አንድ ጊዜማ ዝንብ ጠረጴዛው ላይ ብታርፍ «አት...» ብለው ጀምረው ነው አሉ የዋጡት።

ላብራቶሪው በረጅሙ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። ውሃ ወርዶባቸው የማያውቅ ቧንቧዎች የተተከሉባቸው ጠረጴዛዎች አሉ፤ ማንም ስላልተቀመጠባቸው ቀለማቸው ያልለቀቀ ዱካዎች አሉ፤ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘ ባለ መስታወት ቁምሳጥን አለ። የቁምሳጥኑ ቁልፍ የሚያድረው ከጋሽ አትንኩ አንገት ላይ፣ ከሸሚዛቸው ሥር ነው። ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ አያወልቁትም፤ ይህን የምትመሰክረው ጀርባቸውን የምታሻቸው ባለቤታቸው ናት።

በመስታወቱ በኩል ውስጡ ይታያል ብላችሁ ከሆነ ተሞኝታችኋል። በሰርተፊኬት ተሸፍኗል። ለፊዚክስ መምህራንና ለላብራቶሪ ቴክኒሻኖች በየዓመቱ የሙያ ማሻሻያ አውደ ጥናት የሚሉት ነገር አለ። ጋሽ አትንኩ አንዱም አምልጧቸው አያውቅም፤ ያመጡትን ሰርተፊኬት ሁሉ በቁምሳጥኑ መስታወት ላይ እየለጠፉ ሞሉት። «ለክብር ነው» ይላሉ። የምን ክብር! ተማሪ ዕቃውን አይቶ እንዳይጎመጅ ነው። እናም «ፊዚክስን በተግባር ማስተማር» የሚለው ሰርተፊኬት ሌንሶቹን ጋርዷል፤ «እየነኩ መማር» የሚለው ደግሞ ሚዛኑን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ሞኙም ወረቀቱም ተጋግዘው ነው የያዙት።

ሰው መቼም እንዲህ ሆኖ አይወለድም። ጋሽ አትንኩ ገና ሥራ በገቡ ሰሞን፣ ጸጉራቸው ጥቁር ሳለ፣ አንዲት ቴርሞሜትር ተሰበረችባቸው። ጣት የማታክል መስታወት! ለእሷ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመላት። ኮሚቴው ያጣራውን የሚያጣራ ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንደኛው አባል መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ከመሰበሯ በፊት ያሳየችው ምልክት ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እንደ ታመመች ላም። በመጨረሻ መላው መምህራን በተሰበሰቡበት ቆመው አወዳደቋን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። ከኋላ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ሰውየውን የገደላቸው። እቤታቸው ሲገቡ «ከእንግዲህ በእኔ እጅ አንዲት ነገር አትሰበርም» ብለው ማሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

መሐላቸውንም ጠበቁ። ዘዴው ምን ይከብዳል? ማንም ምንም አይነካም፣ አለቀ። ስንት ትውልድ ፔንዱለምን በጠመኔ ተስሎ ብቻ አይቶ ተመረቀ። ታዲያ ይህን ጉድ ተው ያላቸው አለ? ጭራሽ «በንብረት አያያዝ አርአያ» ብለው ሸለሟቸው እንጂ! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ይህን ቁምሳጥን አይቶ መሆን አለበት።

ቤታቸውም ያው ነው። ለሠርጋቸው የተሰጣቸው የብርጭቆ ስብስብ ከነካርቶኑ ብፌ ላይ እንደተቀመጠ አለ፤ ቤተሰቡ የሚጠጣው በፕላስቲክ ኩባያ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ልክፈተው?» ትላቸዋለች ባለቤታቸው።

«የትኛው እንግዳ ነው ለብርጭቆ የሚበቃ?»

«እንግዲያው ስሞት ለለቅሰኛው ታወጣዋለህ።»

«ለቅሰኛማ ጭራሽ አይሆንም። እጁ ይንቀጠቀጣል።»

ከሁሉ የባሰችባቸው ግን የገዛ ልጃቸው ናት። ልጅቱ ፊዚክስ አጥንታ እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ሆና ተመደበች። ጋሽ አትንኩ ለጎረቤት ሁሉ ኮርተው ነገሩ፤ ለቁምሳጥኑ ግን ፈሩ። አልተሳሳቱም፤ ትምህርት በተጀመረ ቁጥር ከላብራቶሪው በር ላይ አትጠፋም።

«ጋሼ፣ ሌንስ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ጉዳይ ነው፣ መምህርት?»

«ተማሪዎቹ እንዲያዩበት ነዋ።»

«መጽሐፉ ላይ ሥዕሉ አለ አይደል? እሱን ይዩ።»

«አባዬ፣ ሌንስ እኮ ነው! ኩላሊትህን አልጠየቅኩህ!»

«እዚህ አባዬ የሚባል ሰው የለም። አባዬ እቤት ነው።»

እቤት ደግሞ እራት ቀርቦ «እስቲ ጨው አቀብይኝ» ሲሏት «ለምን ጉዳይ?» ትላቸዋለች። እናቷ በሳቅ ትሞታለች። እሳቸው ያለ ጨው ይበላሉ።

ዘንድሮ ግን ቀልድ የለም፤ ጋሽ አትንኩ ጡረታ ሊወጡ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የርክክብ ኮሚቴ መጥቶ ቁምሳጥኑን ያያል። ታዲያ ሰውየው በዚህ ምድር የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ያ ኮሚቴ አፉን ሞልቶ «ምንም አልተሰበረም፣ ምንም አልጎደለም» እንዲልላቸው። ያን ቃል በሰሙ ቀን ያ የድሮ ሳቅ ከጆሯቸው ይወጣል። ለዚያች ቃል ነው ስንት ዓመት አትንኩ ሲሉ የኖሩት።

ይህን ሲመኙ ነው አውደ ጥናቱ እዚያው እሳቸው ትምህርት ቤት የመጣው።

አውደ ጥናቱን የማታውቁ ካላችሁ ምንም አልቀረባችሁም። ጠዋት ቦርሳ ይታደላል፤ ዚፑ ሻይ ሰዓት ሳይደርስ ይበጠሳል። ከዚያ «መነቃቂያ» ተብሎ ሁሉም ይነሳና እያጨበጨበ ይዘላል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንጋፋ መምህራን ክንፍ እንዳወጣ ጫጩት ክርናቸውን ያራግባሉ። ከዚያ በቡድን በቡድን ይሆኑና ሰፊ ወረቀት ላይ ችግሩን በቀይ፣ መፍትሔውን በአረንጓዴ ይጽፋሉ። ችግሩ ሁልጊዜ የዕቃ እጥረት ነው፤ መፍትሔው ሁልጊዜ ተጨማሪ ሥልጠና ነው። ቴክኒሻኖቹ ከኋላ ተደርድረው፣ የየትምህርት ቤታቸውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እጥረቱን እያዳመጡ ያንቀላፋሉ።

የዘንድሮው አሰልጣኝ ክራቫቱ የሚያብረቀርቅ፣ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ «ማለት ነው» ብሎ የሚዘጋ ሰው ነው። ሰዉም ወዲያው «ማለት ነው» የሚል ስም አወጣለት። ይህ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ «ተግባር ከወሬ ይበልጣል» እያለ ሲያወራ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ታዲያ ከበላይ «አንድ የተግባር ማሳያ ይኑር» የሚል ትእዛዝ መጣበትና ላብ በላብ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ እየተጣደፈ ላብራቶሪው ድረስ ሄደ።

«ጋሼ፣ ያ ደወሉ ያለበት መስታወት ነበረን አይደል?»

«የለም።»

«ተማሪ ሳለሁ ካርቶኑን አይቼዋለሁ እኮ።»

«ካርቶኑማ አለ።»

«ውስጡስ?»

ጋሽ አትንኩ መዋሸት አይችሉበትም፤ መደበቅ ነው የሚችሉት። «ውስጡም አለ» አሉ በቀስታ። «ቢሰበርስ ታዲያ? እኔ እኮ በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ልወጣ ነው። ምነው አሁን?»

«ለአንድ ጠዋት ነው። ደግሞም ትእዛዝ ነው፣ ጋሼ።»

ዕቃው ይኼ ነው፤ ትንሽ የኤሌክትሪክ ደወል ትንጠለጠልና ወፍራም የመስታወት ቆብ ይደፋባታል። ከሥር በእጅ የሚገፋ ፓምፕ አለ። ፓምፑ አየሩን መጥጦ ሲጨርስ የደወሏ መዶሻ ስትመታ ትታያለች፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። አየር በሌለበት ድምፅ አይጓዝማ! ይህን በዚያ አዳራሽ የተቀመጠ መምህር ሁሉ አፉን በከፈተ ቁጥር ያስተምረዋል፤ በዓይኑ ያየው ግን አንድም አልነበረም። ጋሽ አትንኩም ጭምር። እሳቸው ያዩት ካርቶኑን ነው።

ዕቃውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ እንደ አራስ ልጅ ደረታቸው ላይ አቅፈው አዳራሽ ገቡ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። መድረኩ ላይ አስቀመጡት፣ አዲስ ባትሪ ተገጠመለት፣ ማብሪያው ተጫነ። ጥርርርርር! አንጀት የሚበላ ድምፅ ነበር። ጋሽ አትንኩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይኸው! ስንት ዘመን ተቀምጦ እንኳ ዕቃቸው ደህና ነው።

የመስታወቱ ቆብ ተደፋ። ሁለት ጎልማሳ መምህራን ኮታቸውን አውልቀው ፓምፑን እየተፈራረቁ ገፉ። ገፉ፣ ገፉ፣ ላባቸው ጠብ አለ።

«እነሆ!» አለ አሰልጣኙ ማለት ነው፣ እጁን ዘርግቶ። «ድምፁ ጠፋ ማለት ነው! ያስተዋላችሁትን በቡድን ጻፉ።»

ጥርርርርር ትላለች ደወሏ።

ቡድኖቹ ጻፉ። የመጀመሪያው ቡድን «ድምፁ ቀስ በቀስ ደከመ፣ በመጨረሻም ጠፋ» ብሎ አነበበ፤ አንባቢው ደወሏ እየበለጠችው ጉሮሮውን ስሎ ደግሞ አነበበ። ሁለተኛው ቡድንም ጠፋ አለ። ሦስተኛው «ሙሉ በሙሉ» የሚል ጨመረበት። ተጨበጨበ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ ለፊዚክስ መምህር ኖሯል! መጽሐፉ ጠፋ ካለ ጠፋ ነው፤ የምን ጆሮ?

ከመካከል የጋሽ አትንኩ ልጅ ተነሳች።

«ይቅርታ፣ እየጮኸ እኮ ነው።»

ማለት ነው ዓይኑን በጨው አጥቦ ፈገግ አለ። «በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አይጮህም ማለት ነው።»

«በጆሮ ደረጃስ?»

ከኋላ ወንበር ጋሽ አትንኩ ብድግ አሉ። ዕቃዬ ተበላሽቷል ሊባል ነው! በሕዝብ ፊት! ያ የድሮ ሳቅ መጣባቸው።

«አይጮህም!» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?» አለች ልጃቸው፣ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። «አልሰማሁዎትም፣ ደወሉ እየረበሸ ነው።»

«አይጮህም አልኩ እኮ!» ብለው ደወሉን በልጠው ጮኹ። «ጸጥ ብሏል! ጆሮሽን ታጠቢ!»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም፤ ወደ መድረኩ ወጣች። «አየሩ ወጥቶ ከሆነ ይህን መስታወት ሁለት ሰው አያነሳውም። ልሞክረው» አለችና በአንድ እጇ እንደ ድስት ክዳን ብድግ አደረገችው። ደወሏ ይበልጥ አምባረቀች።

«አትንኪ!» ብለው ጋሽ አትንኩ ወንበር እየዘለሉ ደረሱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው! መስታወቱን ከእጇ ነጥቀው አቀፉት፤ ጠርዙ አለመሸረፉን በጣታቸው ሲዳብሱ እጃቸው ላይ ጥቁር ነገር ረገፈ። በመስታወቱና በመቀመጫው መካከል አየር እንዳያልፍ የሚያትመው የጎማ ቀለበት ነበር። ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከሰል መስሏል። ጎማ ካልሠራ ይሞታል። ማንም አልሰበረው፣ ማንም አልነካው፤ አለመነካቱ ነው የፈጀው።

ጋሽ አትንኩ ክው አሉ። የሞት ሞታቸውን ደወሏን አጠፉ፤ ያን ጊዜ ገና አዳራሹ ጸጥ አለ።

«እንግዲህ... ወደ ሻይ እረፍት እንሂድ ማለት ነው» አለ ማለት ነው።

በመዝጊያው ንግግር «የተግባር ማሳያው በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ተባለ። ሰርተፊኬትም ታደለ። የዘንድሮው ርዕስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የላብራቶሪ ዕቃዎች እንክብካቤ»! ጋሽ አትንኩ ሲቀበሉ በእጃቸው የቀረው የጎማ ትቢያ ወረቀቱ ላይ የአውራ ጣታቸውን አሻራ ጥቁር አድርጎ አተመው። ከሰርተፊኬቱ ላይ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።

ሰው ሲበተን ልጅቱ ላብራቶሪው ገባች። ቁምሳጥኑ ከዳር እስከ ዳር ተከፍቷል። በሕይወቷ ተከፍቶ አይታው አታውቅም። አባቷ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ዕቃ በዕቃ ተከበዋል፤ ባትሪው ውስጡ ቀርቶ አረንጓዴ ዝገት የበላው መለኪያ አለ፣ ሲነኩት እንደ ብስኩት የሚሰበር የላስቲክ ቱቦ አለ።

«ምንም አልጎደለም» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሁሉም አለ። ሁሉም ሞቷል።»

ልጅቱ ልትፎክር ነበር የመጣችው፤ የስንት ዓመት ነገር አዝላ። አልሆነላትም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሁሉም አልሞተም፣ አባዬ።»

እዚህ አባዬ የለም አላሏትም።

«ሌንሶቹ ደህና ናቸው» አሉ። «ቴርሞሜትሮቹም። ይህን ግን...» መስታወቱን አዩት። «የመኪና ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ ብናገኝ፣ በልኩ ብንቆርጠው ምን ይመስልሻል?»

«ለምን ጉዳይ?» አለቻቸው።

ጋሽ አትንኩ አዩዋት፤ ከንፈራቸው መሸሽ ጀመረ። «ተማሪዎቹ እንዲሰሙት ነዋ! ማለቴ፣ እንዳይሰሙት።»

ከጎማ ጠጋኝ ላስቲክ ለምነው አመጡ። አባት ቆረጡ፣ ልጅ ቫዝሊን ቀባች። የመጀመሪያው ቀለበት ጠመመ፣ ሁለተኛው ጠበበ፤ «አንቺ ነሽ የለካሽው»፣ «አንተ ነህ የቆረጥከው» ሲባባሉ ቆዩ። ሦስተኛው ገጠመ። እሷ ፓምፑን ስትገፋ ደወሏ መጀመሪያ ራቀች፣ እንደ ትንኝ ሆነች፣ ከዚያ መዶሻዋ ብቻ ቀረች፤ ስትመታ ትታያለች እንጂ ድምፅ የላትም። ጋሽ አትንኩ ጆሯቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ትንፋሻቸውን ያዙ።

«አሁን ገና አይጮህም» አሉ።

በማግስቱ የልጅቱ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ላብራቶሪው ተጠሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ማን ደፍሮ ይግባ? «ምን ቆማችሁ? ግቡና ንኩ!» አሏቸው ጋሽ አትንኩ፤ ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውን አስደነገጣቸው። የደወሏ ድምፅ ጠፋ። ልጆቹ አፋቸውን ከፈቱ። አንዷ «እናንተ፣ እውነት ነው ለካ!» ብላ ጮኸች። ቴርሞሜትርም ታደለ፤ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ሲለኩ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ክርኗ ነካትና...

ኳ!

ቀዩ ፈሳሽ ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ክፍሉ ደረቀ። የሰበረችው ተማሪ ፊቷ አመድ መሰለ። መምህርቷ አባቷን አየች፤ ጡረታቸውን፣ ርክክቡን፣ ያቺን አንዲት ቃል አሰበች። በቃ፣ ያቺ ቃል ተነነች።

ጋሽ አትንኩ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነው እንግዲህ የሳቁት።

«የእኔዋም ልክ እንዲህ ነበር የወደቀችው» አሉ። «ይቺ ግን በሥራ ላይ እያለች ነው የሞተችው፤ ነፍስ ይማር። ልጄ፣ መስታወቱን በእጅሽ እንዳትነኪ። ሌላ ልስጥሽ።» ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የዘንድሮ ሰርተፊኬት አነሱ፣ ለሁለት አጠፉት፣ ስብርባሪውን በመጥረጊያ ወደ ውስጡ ሰብስበው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። አውደ ጥናቱ ከተጀመረ ጀምሮ ለፊዚክስ የጠቀመው ያን ቀን ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ እንግዲህ አጣሪ ኮሚቴ መቋቋሙ አይቀርም። ርክክቡም ላይ ጎደለ መባሉ ነው።»

«ይባል፣ ጎድሏላ። ኮሚቴው ግን ትንሽ ይቆይ» አሉት። «ዓመቱ ገና ነው፤ ሌላም ይሰበራል። አንድ ላይ ታጣሩታላችሁ።»

ያን ዕለት እቤታቸው ሲገቡ ብፌው ላይ ያለውን ካርቶን አወረዱ። ባለቤታቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማን ሊመጣ ነው?»

«ማንም። ውሃ ጠምቶኝ ነው።»

በሉ ደህና ሁኑ፣ ልሩጥ! ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ቴክኒሻን ይህን አልሰማም፤ እሱም ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጎማውን እያደረቀ ነው። በሩን ሳይቆልፍ ልድረስበት!